ብርዱን በጎማ የሚያመልጡት፦ በሜክሲኮ በረሃ ዳርቻ የሚከርሙ የአርቪ መንገደኞች

ጃንዋሪ ላይ ካናዳ ኤድመንተን ከተማ ከቤት ለመውጣት በረዶ መጥረግ፣ የመኪና ሞተር ማሞቅ፣ ልብስ በልብስ ላይ መደረብ አለ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢገባ እዚያ የሚገርመው ሰው የለም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ፣ በረሃ ከባህር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ ከዚያው ከካናዳ የመጡ ጡረተኞች በቁምጣ ተቀምጠው ዓሣ ይጠብሳሉ። ሆቴል ግን አልያዙም። ቤታቸውን ይዘው ነው የመጡት።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ውኃና መብራት በሌለበት በረሃ እንዴት ወራት ይቆያሉ? የሚያወጡት ገንዘብስ ማን እጅ ይገባል? ዛሬ ይህን በቀላሉ ልናስረዳችሁ ነው። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ፦ ጉዳዩ የሽርሽር ብቻ አይደለም። አንድ የድንበር በር ሲዘጋ የአንድ ከተማ ሰው እንጀራ እንዴት አደጋ ላይ እንደሚወድቅም ያሳያል። (ወራቱና ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አርቪ ምንድን ነው? ተጓዦቹስ?

አርቪ ማለት ቤትም መኪናም የሆነ ነገር ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወርና ሽንት ቤት አለው። አንዳንዱ አውቶብስ የሚያክል ሆኖ ራሱ ይነዳል። ሌላው ሞተር የሌለው ተጎታች ነው፤ ትልቅ ፒክአፕ ይጎትተዋል። ወጣቶቹ ደግሞ ሚኒባስ መሰል ቫን ገዝተው ውስጡን ራሳቸው በእንጨት ሠርተው አልጋ ያስገቡበታል።

ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ የሚወርዱትን ሰዎች አሜሪካና ካናዳ ውስጥ «ስኖውበርድ» ይሏቸዋል፤ የበረዶ ወፍ እንደማለት ነው። ወፎች ሲበርዳቸው ወደ ሙቀት እንደሚሰደዱት መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ይመጣሉ።

እዚህ ላይ ቋንቋ እንዳያሳስተን። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው የሚታየን፣ ሰኔና ሐምሌ። የእነሱ ክረምት ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የበረዶ ጊዜ ነው፤ እኛ ጋ ፀሐይ የሆነበት ማለት ነው። ስለዚህ «ይከርማሉ» ስንላችሁ የእነሱን ክረምት አስቡ።

መቼም ጡረተኛ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ እዚያው መቅረት አይቻልም? ለብዙዎቹ አይቻልም። ለምሳሌ የካናዳዋ ኦንታሪዮ ነዋሪ በ12 ወር ውስጥ ከ212 ቀን በላይ ከክፍለ ግዛቱ ውጪ ከቆየ የመንግሥት የጤና ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሰዎቹ ቀን እየቆጠሩ ይኖራሉ።

ቦታው የት ነው?

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱ። ከአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በታች ቀጭን፣ እንደ ጣት ወደ ደቡብ የረዘመ መሬት ታያላችሁ። ባሃ ካሊፎርኒያ ይባላል። በእሱና በዋናው የሜክሲኮ ምድር መካከል የገባው ጠባብ ባህር የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ብዙ ሰው የኮርቴዝ ባህር ይለዋል። ከባህሩ ማዶ ያለው ግዛት ሶኖራ ነው። በሁለቱም በኩል በረሃው እስከ ውኃው ድረስ ይመጣል። ቁመቱ ከፎቅ የሚስተካከል ቁልቋል አጠገብ ቆማችሁ ሰማያዊ ባህር ታያላችሁ ማለት ነው።

አርቪዎቹ የሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በሶኖራ በኩል ፖርቶ ፔኛስኮ፣ ባሂያ ኪኖና ሳን ካርሎስ። በባሃ በኩል ደግሞ ሳን ፌሊፔ፣ ሎሬቶ፣ ላ ፓዝ፣ ከሁሉም በላይ ከሙሌሄ ከተማ በታች ያለው ኮንሴፕሲዮን ወሽመጥ። እዚህ ወሽመጥ ላይ ሳንቲስፓክ፣ ኤል ኮዮቴ፣ ሬኬሶን የሚባሉ ዳርቻዎች አሉ። መኪናችሁን ከውኃው ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ታቆማላችሁ፣ አነስተኛ ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ በቃ። ሬኬሶን ላይ ባህሩ ሲጎድል የአሸዋ መንገድ ይወጣና በእግር ወደ ደሴት ያሻግራል።

ባሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያገናኘው አንድ ዋና መንገድ ነው። ከቲሁዋና እስከ ካቦ ሳን ሉካስ 1,711 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ አስፋልቱ ያለቀው በ1973 ነው። ከዚያ በፊት መሐሉ ኮረኮንች ስለነበር ደፍሮ የሚሄድበት ጥቂት ሰው ነበር። የአርቪው ጎርፍ የመጣው ከአስፋልቱ በኋላ ነው።

ለምን በዚህ ወቅት ብቻ?

በጁላይና ኦገስት እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ማዕበል ነው። የምሥራቅ ፓስፊክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሜይ አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይቆያል። በሴፕቴምበር 2014 ኦዲል የተባለው አውሎ ነፋስ የባሃን ደቡብ ሲመታ ጣሪያና የመብራት ምሰሶ ሳይቀር አፈራርሶ ነበር። በጎማ ላይ የቆመ ቤት ይዞ ይህን መጠበቅ እብደት ነው።

ከዲሴምበር በኋላ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። የሚያስቸግረው ከሰሜን የሚነሳው ነፋስ ነው፤ ሲጀምር ቀናት ሊቆይ ይችላል። ያኔ ጀልባ አይወጣም፣ ድንኳን አይቆምም።

መንገዱ ቀልድ አያውቅም

ፎቶ ላይ የሚታየው ባህሩ ነው፤ ወደ ባህሩ የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የባሃ አስፋልት ብዙ ቦታ ጠባብ ነው። ዳር ላይ ማረፊያ የለውም፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ቀጥታ ወደ ታች ነው። ከፊት የጭነት መኪና ሲመጣ የሁለቱ መስታወት ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ሦስት ነገር ደጋግመው የሚመክሩት።

አንደኛ፣ በማታ አትንዱ። የመንገድ መብራት የለም። ከብቶች ደግሞ አስፋልቱ ላይ ይወጣሉ። ጥቁር ላም በጥቁር ሌሊት አይታይም።

ሁለተኛ፣ ነዳጅ ባገኛችሁበት ሙሉ። ከኤል ሮሳሪዮ እስከ ጌሬሮ ኔግሮ ባለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ መደበኛ ማደያ እምብዛም አይገኝም። መሐል ላይ ካታቪኛ በምትባል ቦታ ሰዎች ቤንዚን በበርሜል ይዘው ይሸጣሉ። የእኛ አገር ሰው የመንገድ ዳር ቤንዚን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዋጋውም ጥራቱም በሻጩ ነው።

ሦስተኛ፣ ፍሬቻ በደንብ አንብቡ። ከፊታችሁ ያለ የጭነት መኪና የግራ ፍሬቻ ቢያበራ «መንገዱ ክፍት ነው፣ ቅደመኝ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ በእርግጥ ወደ ግራ ሊታጠፍ ይሆናል። ለይቶ ያላወቀ ሰው አደጋ ውስጥ ይገባል።

መንገድ ላይ የወታደር ኬላም አለ። ወታደሮቹ የሚፈልጉት መሣሪያና አደንዛዥ ዕፅ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ መንዳት የለመደ ሰው ድንገት መኪናው ውስጥ የረሳት አንዲት ጥይት ሜክሲኮ ውስጥ እስር ቤት ልታስገባው ትችላለች።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። የሜክሲኮ ቱሪዝም ሚኒስቴር «አረንጓዴ መላእክት» የሚባሉ አረንጓዴ መኪና የሚነዱ መካኒኮች አሉት። በዋና ዋና መንገዶች እየዞሩ የተበላሸ መኪና ይረዳሉ። ለጉልበታቸው አያስከፍሉም፣ መለዋወጫና ነዳጅ ብቻ ነው የሚከፈለው።

ውኃውስ? ሽንት ቤቱስ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። አርቪ ውስጥ ሦስት ታንከር አለ። አንዱ ንጹሕ ውኃ ይይዛል። ሁለተኛው የሻወርና የዕቃ ማጠቢያ እጣቢ ነው። ሦስተኛው የሽንት ቤት ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር ይለጠፋል፣ ባትሪ ይሞላል። ማብሰያው በጋዝ ነው። ኢንተርኔት በሳተላይት ከመጣ ወዲህ ደግሞ በረሃ መሐል ተቀምጦ ቪዲዮ ማየት ብርቅ አይደለም።

ንጹሕ ውኃው ሲያልቅ የአካባቢው ሰዎች በመኪና ጭነው እየዞሩ ይሸጣሉ። አብረው ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ በበቆሎ ልጣጭ የተጠቀለለ ታማሌ፣ ዳቦ፣ አትክልት ያመጣሉ። ሱቁ ራሱ ቤታችሁ በር ላይ ይመጣል ማለት ነው።

ችግሩ ሦስተኛው ታንከር ነው። ከተማ ውስጥ ባሉ የአርቪ ማቆሚያዎች ቱቦ አለ፤ ክፍት ዳርቻ ላይ ግን የለም። ጨዋው ሰው ሲሞላበት ነድቶ ሄዶ በተገቢው ቦታ ያስወግዳል። ያልሆነው ደግሞ ሌሊት አሸዋ ቆፍሮ ይደፋል። ወሽመጥ ውስጥ ያለ ውኃ እንደ ሰፊው ውቅያኖስ ቶሎ አይታደስም። የአንድ ሰው ጥፋት ባይታይ፣ ወራት ሙሉ የቆሙ ብዙ መኪኖች ጥፋት ይታያል። ማግስቱን እዚያው ባህር ውስጥ ክላም የሚለቅመው ደግሞ የሙሌሄ ዓሣ አጥማጅ ነው።

ውኃውም ቢሆን ከየትም የመጣ አይደለም። ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ከሜክሲኮ ግዛቶች ሁሉ ደረቁ ነው። እንግዳ ሻወር ሲወስድ የሚጠቀመው ያችኑ የመንደር ውኃ ነው።

ወረቀቱ

ሜክሲኮ ለቱሪስት እስከ 180 ቀን መፍቀድ ትችላለች። «ትችላለች» ያልነው ቀኑን የሚጽፈው የድንበር መኮንኑ ስለሆነ ነው፤ ሊያሳጥረው ይችላል።

መኪናውን ለማስገባት ባሃ ላይ የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ፖርቶ ፔኛስኮም እንዲሁ። ወደ ዋናው አገር ውስጥ ጠልቆ ለመግባት ወይም ከላ ፓዝ በመርከብ ለመሻገር ግን ጊዜያዊ የመኪና ማስገቢያ ፈቃድ የግድ ነው። ለአርቪ ይህ ፈቃድ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የአሜሪካና የካናዳ ኢንሹራንስ ለሜክሲኮ ሕግ ምንም ማለት አይደለም። ከሜክሲኮ ኩባንያ መግዛት ያስፈልጋል። ሰው የተጎዳበት አደጋ ከደረሰ ጥፋቱ የማን እንደሆነና ካሳው እንደሚከፈል እስኪረጋገጥ ሾፌሩ ሊታሰር ይችላል። ወረቀቷ ያኔ ነው ዋጋዋ የሚታወቀው።

በሩ ሲዘጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፖርቶ ፔኛስኮን አስታውሱ። አሜሪካኖች «ሮኪ ፖይንት» ይሏታል። ከአሪዞናዋ ሉክቪል ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው፤ ከፊኒክስ ከተማ በ4 ሰዓት ይደረሳል። ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ሰው የሚሄድባት «የአሪዞና ባህር ዳርቻ» ናት። አሪዞና ራሷ ባህር የላትማ!

ዲሴምበር 4 ቀን 2023 የአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ሉክቪልን ዘጋ። ምክንያቱ ቱሪስቱ አልነበረም። በዚያ በረሃ በኩል በብዛት ይሻገሩ የነበሩ ስደተኞችን የሚመዘግብ ሰው ስላጠረ፣ በሩ ላይ የሚሠሩት መኮንኖች ወደዚያ ሥራ ተዛወሩ። ከስደተኞቹ መካከል ከምዕራብ አፍሪካ ድረስ የመጡ ነበሩበት።

ፖርቶ ፔኛስኮ ለመድረስ በኖጋሌስ ወይም በሳን ሉዊስ በኩል ዞሮ፣ ሰዓታት ጨምሮ መንዳት ግድ ሆነ። ብዙ ሰው ጉዞውን ሰረዘ። ልብ በሉ፣ ጊዜው የገናና የአዲስ ዓመት ሰሞን ነው፤ ለከተማዋ የዓመቱ ዋና ገበያ። በሩ የተከፈተው ጃንዋሪ 4 ቀን 2024 ነው፤ ልክ በዓሉ ሲያልቅ።

እስቲ አስቡት። አርቪ ያለው ሰው መንገዱ ቢዘጋበት መሪውን አዙሮ ሌላ ዳርቻ ይሄዳል፤ ቤቱ ጎማ አለው። ክፍል የምታጸዳዋ፣ ሽሪምፕ የሚሸጠው፣ ጀልባ የሚያከራየው ሰው ግን የትም አይሄድም። ውሳኔው የተወሰነው እሱ በማይመርጠው መንግሥት ነው፤ ኪሳራው ግን የእሱ ነው።

ይህ ደግሞ የመጀመሪያው አልነበረም። በኮቪድ ምክንያት አሜሪካ ከማርች 2020 እስከ ኖቬምበር 8 ቀን 2021 ድረስ የየብስ ድንበሯን አስፈላጊ ላልሆነ ጉዞ ዘግታ ነበር። ካናዳዊ ጡረተኛ አሜሪካን በመኪና ሳያቋርጥ ሜክሲኮ አይደርስም። ስለዚህ ያን ዓመት ብዙዎቹ እዚያው በረዶ ውስጥ ከረሙ። ዳርቻው ላይ የሚጠብቃቸው ነጋዴም ገበያው ጠፋ።

ባህር ዳርቻው የማን ነው?

በሜክሲኮ ሕግ ባህር ዳርቻ የሕዝብ ነው። ማንም ሰው፣ ሆቴልም ቢሆን፣ «የግሌ ነው» ሊል አይችልም። በኦክቶበር 2020 ደግሞ ወደ ዳርቻ መግቢያ የሚዘጋን የሚቀጣ የሕግ ማሻሻያ ወጥቷል። የውጭ ዜጋ ከባህር በ50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሬት በቀጥታ በስሙ መያዝ አይችልም፤ በባንክ አደራ በኩል ነው የሚሆነው።

ብዙ ቦታ ከዳርቻው በላይ ያለውን መሬት የሚያስተዳድሩት «ኤሂዶ» የሚባሉ ማኅበረሰቦች ናቸው። ኤሂዶ ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ ለገበሬዎች የተሰጠ የጋራ መሬት ነው። «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር ለሰማ የእኛ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ሰው ጠዋት መጥቶ ለማደሪያ ክፍያ ሲጠይቅ ደረሰኝ መጠየቅ መብት ነው፤ «ዳርቻው ነፃ ነው» ብሎ መጨቃጨቅ ግን ሁሌ ልክ አይደለም። ያ ገንዘብ ቆሻሻ የሚያነሳውን ሰው ደመወዝ ሊሆን ይችላል።

ከመንገደኛው ሌላ የሚመጣ እንግዳ

በብርዱ ወራት ወደ ባሃ የሚወርደው ሰው ብቻ አይደለም። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ አካባቢ ባህር ተነስተው በፓስፊክ በኩል ወዳሉት የባሃ ሐይቅ መሰል ወሽመጦች ይመጣሉ፤ ደርሶ መልሱ እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እዚያ ይወልዳሉ። በ1972 ፓቺኮ ማዮራል የተባለ ዓሣ አጥማጅ ሳን ኢግናሲዮ ላይ ወደ ጀልባው የቀረበችውን አንዷን በእጁ ነካ። ድሮ ዓሣ አጥማጁ እነሱን ይፈራ ነበር። ዛሬ የእነዚያ መንደሮች ሰዎች ፈቃድ በተሰጣቸው ጀልባዎች ቱሪስት እየወሰዱ ይኖሩበታል።

በሌላ በኩል ደግሞ ባህረ ሰላጤው ጫፍ ላይ ቫኪታ የምትባል፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለች ትንሽ ዶልፊን መሰል እንስሳ አለች። የቀሩት 10 ገደማ ናቸው። የሚገድላቸው ቶቶአባ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚዘረጋ መረብ ነው፤ የዓሣው የአየር ከረጢት ቻይና ውስጥ በውድ ይሸጣል። ዓሣ አጥማጁ ከቱሪስት የሚያገኘው ገቢ ሲቆም ምን አማራጭ እንደሚቀርለት አስቡት።

ደህንነቱስ?

እውነቱን እንናገር። በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ከኤንሴናዳ ወደ ታች በፓስፊክ ዳርቻ ድንኳን ተክለው የነበሩ ሁለት አውስትራሊያዊ ወንድማማቾችና አንድ አሜሪካዊ ጓደኛቸው ተገድለዋል። የግዛቱ ዓቃቤ ሕግ እንዳለው ገዳዮቹ መኪናቸውን ሊዘርፉ የመጡ ነበሩ። ይህ ማለት መንገዱ ሁሉ ሞት ነው ማለት አይደለም፤ ብዙው ሰው በሰላም ሄዶ በሰላም ይመለሳል። ግን ብቻን ገለልተኛ ቦታ አለማደር፣ ሌሎች አርቪዎች ያሉበት መቆም፣ ከመነሳት በፊት የየግዛቱን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ማየት ተራ ምክር አይደለም።

ሐበሻ መሄድ ይችላል?

ሳን ዲዬጎ፣ ሎስ አንጀለስና ፊኒክስ ብዙ ወገን አለን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው ለሜክሲኮ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ግን ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በሂደት ላይ የሆነ ሰው ግን ይጠንቀቅ! ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ባህር ብሎ ስንት ዓመት የጠበቁትን ማጣት ያመጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ።

እዚህ ላይ ያለውን ነገር ሳንነግራችሁ አንለፍ። በዚያው ድንበር አንዱ ብርድ ሸሽቶ ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ኬላው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቆማል። ሌላው፣ የእኛንም አገር ልጆች ጨምሮ፣ ስንት አገር በእግር አቋርጦ ቲሁዋና ላይ ወራት ይጠብቃል። በሩ አንድ ነው፤ የሚከፈተው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም።

እናም ባህሩ ዳር የቆመውን ቆንጆ ቫን ፎቶ ስታዩ ከፎቶው ውጪ ያሉትንም አስታውሱ፤ ውኃውን በመኪና የሚያመላልሰውን፣ ቆሻሻውን የሚያነሳውን፣ በሩ ሲዘጋ ከቤቱ የትም የማይሄደውን። «ነፃ ሕይወት» የሚባለው በእነሱ ጫንቃ ላይ ነው የቆመው።

እናንተስ? ዕድሉን ብታገኙ ቤታችሁን በጎማ ይዛችሁ ትሄዱ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። አሪዞና ወይም ሳን ዲዬጎ ሆኖ ለመሄድ የሚያስብ ወዳጅ ካላችሁም ሼር አድርጉለት፤ ቢያንስ ኢንሹራንሱን እንዳይረሳ።